ስለ ደብረ ታቦርና ስለ ጋፋት

ታሪካዊ ከተማን ለማየት የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዓይኑ ያረፈበትን ሕንፃ አድንቆ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ግን «ይህን ማን ሠራው? በምን ዋጋ ተሠራ? ለትውልዱስ ምን አተረፈለት?» ብሎ ይጠይቃል።

በሆላንድ አገር ላይደን የምትባል ከተማ አለች። የውኃ ቦዮቿ፥ የጡብ ቤቶቿና ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናቷ ታሪኳን ለተመልካች ይናገሩላታል። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1574 የእስጳንያ ጦር ከብቧት ብዙ ሰው በራብና በበሽታ አለቀ፤ ከተማዪቱ ግን ጸንታ ቆይታ በጥቅምት ወር ነፃ ወጣች፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተላት። ሕዝቧም ያን የነፃነት ቀን እስከ ዛሬ ድረስ ነጭ ዳቦና ዓሣ እየበላ ያስበዋል። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በሮም ተገናኝቶ ግእዝንና አማርኛን በትጋት ያጠናው ኢዮብ ሉዶልፍም በወጣትነቱ ከተማረባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ላይደን ናት። እንዲህ ያለችውን ከተማ ማየት ለማንም ቀላል ነው፤ ግንቧ ራሱ መጽሐፍ ነውና።

ደብረ ታቦር ግን እንደዚህ አይደለችም። መንገደኛ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት ገበያ በኩል አልፎ ወረታ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ሜዳው እያነሰ፥ ነፋሱ እየበረደ፥ የጉና ተራራ እየቀረበ ይሄዳል። በመጨረሻም ስሟን ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ ከወሰደችው ከተማ ይደርሳል። የጎንደርን ግንብ አይቶ የመጣ ሰው በዚህ ተመሳሳዩን ቢፈልግ አያገኝም። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ነገር ብዙ ጊዜ የተመከረውና የተቆረጠው በዚህች ደጋ ነበር።

ከተማዪቱን የቆረቆሩ በ1817 ዓ.ም. ያረፉት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው ይባላል። ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ተቀመጡባት፤ እናቲቱ ማርያምና ልጂቱ ማርያም፥ በተራራው ላይ ያለው ኢየሱስም በራስ ዓሊ ዘመን እንደ ተሠሩ ይነገራል። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በዚሁ አጠገብ ራስ ዓሊን ድል አደረጉ፤ ነገር ግን የድሉ ደስታ ገና ሳያልቅ ጠላት በድንገት ደርሶባቸው ተማረኩ። በ1845 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ካሣ ራስ ዓሊን በዓይሻል ድል ነሥተው፥ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ደብረ ታቦርንም ዋና መቀመጫቸው አደረጓት።

ከከተማዪቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ጋፋት የታወቀው በእርሳቸው ዘመን ነው። ንጉሡ ለወንጌል ስብከት የመጡትን አውሮጳውያን ባለ እጆች በዚያ አሰፍረው፥ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው። ከእነርሱ አንዱ ዋልድማየር የዚያን ጊዜ ነገር በጽሑፍ ትቶልናል። ሰዎቹ የእጅ ሥራ አዋቂዎች እንጂ መድፍ የማፍሰስ ልምድ ያላቸው አልነበሩም፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና እቶን ሠርተው፥ ቅርጽ አበጅተው፥ ናስ አቅልጠው ሲያፈሱ ግን ተሳካላቸው። ከሥራቸው ሁሉ የበለጠው ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነው ሴባስቶፖል ነው፤ ስሙም በክሪሚያ ጦርነት ከታወቀችው ከተማ የተወሰደ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክ ውዳሴ ብቻ አይደለም። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው የአድባራቱን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያም ደብረ ታቦርን ራሷን በእሳት አጋይተው፥ መድፉን በብዙ መቶ ሰው እያስጐተቱ፥ መንገዱንም እያስቈፈሩና ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ ደረሱ። ያን ያህል የተደከመበት መድፍ የጦርነቱን ፍጻሜ ሊለውጠው አልቻለም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከመቅደላ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በሎንዶን ይገኛሉ፤ ሴባስቶፖል ግን ከዚያው ከመቅደላ አልወረደም። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው።

እንግዲህ ተመልካቹ በደብረ ታቦር ቤተ መንግሥት ቢያጣ ሊደነቅ አይገባውም፤ የሠራት ንጉሥ እርሱ ራሱ አቃጥሏታልና። ከተማዪቱ ግን አልሞተችም። ዓፄ ዮሐንስም በዚህች አገር እየከረሙ በ1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊውን ጎርዶንን፥ በ1873 ዓ.ም. ጀርመናዊውን ሮልፍስን ተቀብለውባታል። ቤት ቢቃጠልም አድባራቱና ገበያው ሰዉን ስለሚሰበስቡት ከተማ መልሳ ትቆማለች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የጋፋት ኮረብታ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ የሚሰጠውን ሰው «ጠይብ» «ቡዳ» እያሉ መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ ነበር፤ በማረሻው እያረሱ የማረሻውን ሠሪ ይጸየፉት ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ ከሌላው ጥፋታቸው ጋር እንኳ የእጅ ሥራ ለመንግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስቀድመው አስተዋሉ። ዓፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። መጽሐፍም ጌታን «የጸራቢ ልጅ» ብለው የናቁትን ሰዎች አለማስተዋል ጽፎ አቆይቶልናል።

ላይደን ራቧን ረስታ ቢሆን ኖሮ በዓሏ ተራ ግብዣ በሆነ ነበር። የደብረ ታቦርም ሰው ጋፋትን ለእንግዳ ሲያሳይ የመድፉን ታላቅነት ብቻ ሳይሆን የጐተቱትን ሰዎች ድካም፥ የተቃጠሉትን ቤቶችና ስማቸው ያልተጻፈ የአገሬው ባለ እጆችን ሊነግረው ይገባል። ግንብ የሌላት ከተማ ታሪኳ በሽማግሌዎች አፍና በአድባራቱ መጻሕፍት ላይ ነው ያለው፤ ሽማግሌው ከማረፉ በፊት ካህኑ ይጠይቀው፥ መምህሩ ይጻፈው፥ ተማሪውም ኮረብታው ድረስ ሄዶ ይየው።