ከንፋስ መውጫ የምትነሳ ብልቃጥ

ዐድዋ ድል በተደረገበት በ1888 ዓ.ም.፣ ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም እንግዳ ነገር አሳተመ። የጡት ካንሰር የጠናባትን ሴት የእንቁልጢ ማፍሪያዎች ሲያወጣላት የጡቷ እብጠት ሟሸሸ። ለምን? ሆርሞን የሚለው ቃል እንኳ ገና አልተፈጠረም ነበር። መልሱ ስልሳ ዓመት ገደማ ፈጀ። አሜሪካዊው ኤልውድ ጀንሰን ኤስትሮጅንን የሚይዝ "ተቀባይ" በሴሎች ውስጥ መኖሩን አሳየ። አንዳንዱ ካንሰር ይህ ተቀባይ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ያለው በኤስትሮጅን ይመገባል። በ1973 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የፈቀደችው ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን ይህንን ምግብ ይዘጋበታል።

ዛሬ በፓቶሎጂ ወረቀት ላይ "ኢአር ፖዘቲቭ" የምትለው አጭር መስመር የዚህ ሁሉ ድካም ውጤት ናት።

ታዲያ ይህች መስመር ለጋይንት፣ ለስማዳ ወይም ለእስቴ ሴት እንዴት ትደርሳለች? በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና ርካሽና ፈጣን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ "ካንሰር ነው፣ አይደለም" ይላል፣ እዚያው ይቆማል። ተቀባዩን በአስተማማኝ ለማየት ቁራጭ ሥጋ ያስፈልጋል። ቁራጩ ከሰውነት እንደወጣ፣ ቢበዛ በሰዓት ውስጥ፣ በፎርማሊን መነከር አለበት። ከዘገየ ተቀባዩ ይበላሻል፤ ወረቀቱም በሐሰት "ኔጋቲቭ" ይላል። ከንፋስ መውጫ በቻይና መንገድ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ ለሚጓዝ ናሙና የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የመጀመሪያዋ ሰዓት ናት ወሳኟ። በዚያች ሰዓት የተዘናጋ ሰው አንዲትን ሴት ርካሽ ክኒኗን ይነፍጋታል።

የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር በአብዛኛው ተቀባይ የለውም የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ነበር። በኋላ ሲታይ፣ ከቆዩ ማህደሮች የተወሰዱ ናሙናዎች በጥንቃቄ ከተያዙት አዲሶች ይልቅ "ኔጋቲቭ" ይበዛባቸዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የታተመ ጥናትም ከሦስት ታማሚዎች የሁለቱ ያህል ካንሰር ተቀባዩ እንዳለው አሳየ።

የቀዶ ጥገናው ምርጫ ሌላ ታሪክ አለው። በ1985 እ.ኤ.አ. የበርናርድ ፊሸር ጥናት እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ጡትን ሙሉ ከማውጣት እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ። ጨረር ግን በኢትዮጵያ በ1997 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ተጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ ቦታ አልነበረም። የጋይንት እናት ጡቷን ሙሉ ስታስወጣ "አላወቀችም" የሚሏት ይህን አይቆጥሩም፤ ለሳምንታት አዲስ አበባ ተቀምጦ ጨረር መውሰድ ቤት፣ ስንቅና አስታማሚ ይጠይቃል።