ከገጣባ ወደ ትከሻ፤ የጭነት ከብት ጉዳት በኮልፌ በኩል

በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ለኮልፌ ቀረበ። ቀድሞ ሸክሙ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ስለ ነበር ባለቤቱ አጥብቆ የሚያውቀው ጉዳት ገጣባ ነበር፤ ጋሪ ሲስፋፋ ግን ክብደቱ ወደ ፈረሱ ደረትና ትከሻ ወረደ።

ያለ ልክ የተሠራ ማሰሪያ በትከሻ አጥንት ፊት የሚያልፈውን ነርቭ ዘወትር ከተጫነው፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ፈረሱም ሲራመድ ትከሻው ወደ ውጭ ይወጣል። የክንድ ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ክርኑ ይወርዳል፤ ሰኮናውም መሬት ይጎተታል። ቁስል ስለማይታይ ሕመሙ የሰኮና ሊመስል ይችላል።

እንግዲህ የጋሪን ታሪክ ስንመረምር ከመንኰራኵሩ ይልቅ ማሰሪያው ያረፈበትን ትከሻ ማየት ይገባናል፤ ፈረሱ ሲያነክስ የባለጋሪው የዕለት እንጀራ ይቋረጣልና።