ጉንዳን የሚጠብቀው ግራር

በላስታ ወይና ደጋ ያደገ ሰው ብሳናን ያውቀዋል፡፡ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልብጦ ያየ ግን ብዙ አይደለም፡፡ እዚያ ላይ ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፡፡ በብዙ የብሳና ዘመዶች ላይ እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ጣፋጭ ፈሳሽ እያመነጩ ጉንዳን ይጠራሉ፤ ጉንዳኑም በፈንታው ቅጠል በል ትሎችን ያባርራል፡፡

ይህ ልል ውል ነው፤ ጉንዳኑ በልቶ ይሄዳል፡፡ ጥብቁን ለማየት ከላስታ ርቆ ወደ ቦረና ጥቁር አፈር መውረድ ያስፈልጋል፡፡ እዚያ ቦረናዎች ፉሌንሳ የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቫቼሊያ ድሬፓኖሎቢየም የተባለ አጭር ግራር አለ፡፡ አንዳንዶቹ እሾሆቹ ከሥራቸው አብጠው ባዶ ኳስ ይሆናሉ፡፡ ጉንዳኖች ይበሷቸውና ይኖሩባቸዋል፤ ነፋስ ሲገባባቸውም ያፏጫሉ፡፡

ሕግ ለተማረ ሰው ነገሩ የኪራይ ውል ይመስላል፡፡ ዛፉ ቤትና ቀለብ ይሰጣል፤ ተከራዩ ዘብ ይቆማል፡፡ ፍየል ወይም ቀጭኔ ቅርንጫፉን ሲነካ ጉንዳኖቹ ወጥተው ይነክሳሉ፤ ዝሆን እንኳ ኩምቢውን ፈርቶ ይሸሻል፡፡ ተከራይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፡፡ ክሬማቶጋስተር ኒግሪሴፕስ የተባለው ዝርያ ተቀናቃኝ ጉንዳን በጎረቤት ቅርንጫፍ ተሻግሮ እንዳይመጣበት እምቡጦቹን እየቀጠፈ ዛፉን ያመክነዋል፡፡ (እንዲህ ያለ ተከራይ በእኛም ከተማ አይጠፋም፡፡)

በኬንያ ላይኪፒያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትላልቅ እንስሳት እንዳይገቡ የታጠሩ ግራሮች ነበሩ፡፡ ቶድ ፓልመርና ባልደረቦቹ በ2008 እንደዘገቡት፣ በላተኛ የሌለባቸው ዛፎች እሾህ ቤቱንም ቀለቡንም ቀነሱ፤ ጥሩዎቹ ዘቦች ተዳክመው ሰነፍ ዝርያ ቦታውን ወረሰ፤ የታጠረው ዛፍ ካልታጠረው ይልቅ ቀስ ብሎ አደገ፣ ይበልጥም ሞተ፡፡ እዚያው ላይኪፒያ፣ ኦል ፔጄታ ላይ ደግሞ መጤው ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን ነባር ዘቦቹን ሲፈጅ፣ ዝሆኖች ግራሮቹን ከ5 እስከ 7 እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ መሰባበር ጀመሩ፡፡ መደበቂያ ያጡት አንበሶች የሜዳ አህያ ማደን ከበዳቸው፡፡ በ2024 በወጣው ጥናት መሠረት የሜዳ አህያ ከግዳያቸው የነበረው ድርሻ በ2003 ከነበረበት 67 በመቶ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ ፊታቸውንም ወደ ጎሽ አዞሩ፡፡

በቦረና ግን ጉዳዩ የሰው እንጀራ ነው፡፡ ከብት የሚፈልገው ሣር ነው፤ ፉሌንሳ ደግሞ የሣሩን ቦታ ከሚወርሩት ቁጥቋጦዎች አንዱ ነው፡፡ አርብቶ አደሩ በየጊዜው ግጦሹን እያቃጠለ ይገታው ነበር፡፡ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ፡፡ ከልካዩ ዛፉ የራሱ ዘበኛ እንዳለው፣ ከእሳት በቀር ደፍሮ የሚነካውም ጥቂት መሆኑን የጠየቀ አይመስለኝም፡፡ ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦው ተስፋፋ፣ ሣሩ ሳሳ፡፡ በኋላ ምንጠራም በቁጥጥር ማቃጠልም እንደገና ተሞክሯል፤ የተቆረጠ ፉሌንሳ ግን ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፡፡