ዋልያዎቹ፦ የተመለሱትና የቀሩት

ውድ እህቶቼ፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በስሙ የማታውቀው ብትኖር እንኳ በጆሮዋ ሳትሰማው አልቀረችም። ግጥም የለውም፣ ዘፋኝ የለውም፤ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው፤ ግን ትከሻን ዝም አያሰኝም። የተጫወተው ዋልያስ ባንድ ነው። ስለዚህ ባንድ የምጽፍላችሁ ሙዚቃው ስለሚጥም ብቻ አይደለም። የዋልያዎቹ ታሪክ የስደት ታሪክም ነው፦ አብረው ወጡ፣ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ፤ የቀሩትም ሌላ እንጀራ ይዘው ኖሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ እኛስ እዚህ ደመወዛችንን የምንቆጥረው በዚያ አይደል?)

መጀመሪያ ከነሱ በፊት የነበረውን እንይ። በጃንሆይ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅር፤ እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፣ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። እናቶቻችን የሚያንጎራጉሯቸው እነ ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ፣ እነ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው የተሰሙት።

ማህሙድ አህመድም የመጣው በዚሁ በር ነው፤ አገባቡ ግን ለየት ይላል። በ1941 መርካቶ ተወለደ፤ ልጅ ሆኖ ሊስትሮ ሠራ፤ ከዚያ አሪዞና ክለብ ወጥ ቤት ገብቶ ይላላክ ጀመር። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ማታ ማታ የሚጫወቱት እዚያ ነበር። አንድ ቀን ዘፋኞቹ ሲቀሩ ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ «እኔ ልዝፈን» አለ። ዘፈነ፤ ክቡር ዘበኛም ቀጠረው። ወጥ ቤት ቆማችሁ ስታንጎራጉሩ ይህን ልጅ አስታውሱት።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ሌላ ጣዕም ገባ፤ ሶል። የአሜሪካ ጥቁሮች ከቤተ ክርስቲያን መዝሙራቸው ያወጡት፣ አንጀት የሚበላ ዘፈን ነው። አስመራ ቃኘው ሻለቃ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች በሬዲዮና በሸክላ አመጡት፤ የሰላም ጓድ አስተማሪዎችም ሸክላ ይዘው መጡ። የእኛ ልጆች ሰሙት፤ ነገር ግን ዝም ብለው አልቀዱትም። ኦርጋኑንና ነሐስ መሣሪያውን ወስደው ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺ ሆዬን አስገቡበት። የምሽት ክለቦች በዙ፤ በየክለቡም ወጣት ባንዶች ተፈጠሩ።

ዋልያስ የወጣው ቬኑስ ከሚባለው ክለብ ባንድ ነው፤ ጊዜው የ1970ዎቹ መጀመሪያ። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ላይ፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር ላይ፣ ዮሐንስ ተኮላ መለከት ላይ ነበሩ። ዘፋኝም፣ ፒያኖ ተጫዋችም፣ አቀናባሪም የነበረው ግርማ በየነ ደግሞ አለ። ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሰዎች የማንም ጦር ክፍል አልነበሩም። ባንዱ የራሱን ስም ይዞ፣ ከሆቴል ጋር በውል የሚሠራ ባንድ ነበር። አዲስ አበባ ሒልተን ገብተው ወደ አሥር ዓመት ግድም ተጫወቱ። ውል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ያለ ውል መሥራት ምን እንደሆነም ታውቃላችሁ።

ከዚያ ደርግ መጣ። የቀይ ሽብሩን ዘመን ከወላጆቻችን ሰምተናል። ሰዓት እላፊ ታውጆ ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት የሞት ጉዳይ ሆነ። ታዲያ ሙዚቃው ቆመ? አልቆመም። በር ይዘጋል፣ እንግዳውም ሙዚቀኛውም እዚያው ውስጥ ያድራል፤ ሲነጋ ወደየቤቱ ይሄዳል። የዘፈን ግጥም ሳንሱር ይታያል፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ግን ምኑ ይቆረጣል? በ1977፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ዋልያዎቹ «ቼ በለው» የሚለውን ሸክላ አወጡ። «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ የውጭ አገር ባንዶች ጭምር እያነሱ ይጫወቱታል።

በ1981 ከማህሙድ አህመድ ጋር ሆነው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከኢትዮጵያ ተነስቶ አሜሪካን የዞረ የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንድ ይባላሉ። አዳራሹን የሞላው በአብዛኛው ፈረንጅ አልነበረም፤ ዋሽንግተንና ሌላውም ከተማ የተሰደደው የእኛው ሰው ነበር። የአገሩን ዜማ የናፈቀ ሰው ፊት መጫወት ምን እንደሚመስል እናንተ ገምቱት።

ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በዋልያስ ስም መጫወት ቀጠሉ። ማን ልክ ነበር? እኔ አልፈርድም። ኮንትራቷ ሲያልቅ «ልግባ ወይስ ላድስ» ብላ ያላደረች እህት ካለች እሷ ትፍረድ።

ከተመለሱት እንጀምር። ማህሙድ አዲስ አበባ ላይ ካሴት መሥራቱን ቀጠለ፤ የሙዚቃ ቤትም ከፈተ። ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 የቀዳው «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅግ ውስጥ እንደገና ታትሞ አውሮፓ ሰማው። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» የሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ሲወጡ የእነሱ ዘመን ሥራ ዓለምን ዞረ። በ2007 ማህሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። በ2025 ጥር ወር፣ ሰማንያን ካለፈ በኋላ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ።

የቀሩትስ? የእነሱ መንገድ የእኛን ይመስላል። ግርማ በየነ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ2017፣ አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ኃይሉ ደግሞ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድ ጋር አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ካሴት ብቻውን ቀዳ፤ ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ። ከዚያ መድረኩ እየራቀው ሄደ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆነ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ያወጣና ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ መልሶ ያስቀምጣል፤ መንገደኛውን ጭኖ ይሄዳል። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

በ2013 አካባቢ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር መጥቶ አሮጌ ካሴት ሲያገላብጥ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ሰምቶ ደነቀው፤ ኃይሉን ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ባለታክሲው ስድሳን አልፎ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ፤ ሥራ ያስፈታቸው ጊዜ አልነበረማ!

ይህን ታሪክ አል ዓይን ላለች ጓደኛዬ በስልክ አወራኋት። አገሯ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ትዘፍን ነበር፤ ዛሬ አራት ልጅ ትጠብቃለች። «እሱ ታክሲ ውስጥ ብቻውን ነው፤ እኔ ማዳም ትሰማኛለች» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሰው ቤት የራስ መኪና አይደለም፤ ብዙዎቻችን በር ዘግተን የምንቀመጥበት ግማሽ ሰዓት እንኳ የለንም። «ጠንክሪ፣ ይሳካልሻል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ኃይሉንም ባሕር ዳር አንድ ካሴት ባይቀመጥለት ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? የሰው ሙያ በጣቱ ብቻ አይኖርም፤ ያስቀመጠለት ሰው ያስፈልገዋል።

ጓደኛዬ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ስታተኩስ በአፏ ውስጥ የምታንጎራጉረው ዘፈን እንዳለ ነገረችኝ፤ ግጥሙንም ራሷ ነው የሠራችው። «በስልክሽ ቅጂና ላኪልኝ» አልኳት። ላከችልኝ፤ የካውያው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ከአቡዳቢም ሆነ ከአል ዓይን፣ ዜማ ያላት ቅዱና ለምታምኗት እህት ላኩ። አገር ቤት የእናታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አሮጌ ካሴት ካለም «አትጣይው» በሏት። ማን መቼ እንደሚፈልገው አይታወቅም።