ዜና ሐዲድ ዘመገናኛ

ይህ የመገናኛ ባቡር ጣቢያ ዜና ነው፤ በቦሌና በየካ በኩል ስላለፈውም ሐዲድ ይናገራል።

አስቀድሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የምድር ባቡር ሥራ ተፈቀደ። ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሐር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ ባቡር ግን የሩቅ መንገደኛና ጭነት ያመላልስ ነበር እንጂ ከተሜውን ከቤቱ ወደ ሥራው አያደርስም ነበር።

ከዚያም ብዙ ዘመን አለፈ። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ዞረ። ከተማይቱም ወደ ምሥራቅ ሰፋች፤ ገርጂና ጉርድ ሾላ፣ ሲ ኤም ሲና ሰሚት፣ እስከ አያት ድረስ በቤት ተሞሉ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቤት አገኘ፤ ከእንጀራው ግን ራቀ። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ መገናኛ ይሰለፍ ጀመር። ከቦሌ፣ ከኮተቤ፣ ከሃያ ሁለትና ከሲ ኤም ሲ የሚመጡት መንገዶች በዚያ ይገጥማሉና ታክሲውም አውቶቡሱም ለሕዝቡ አልበቃ አለ። ነፍሰ ጡር በፀሐይ ቆመች፤ ተማሪው ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ ገባ፤ የቀን ሠራተኛው ያረፈደ እንደሆነ የዕለቱን ምንዳ አጣ። ይህን ሰልፍ አስቀድሜ መጻፌ የሐዲዱ ነገር ያለ እርሱ ስለማይገባ ነው።

በ2004 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በከተማይቱ ውስጥ ሕዝብ የሚያመላልስ የቀላል ባቡር ሥራ ተጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽኑ አለቃም ዶክተር ጌታቸው በትሩ። ግንባታውን የያዘው የቻይና የባቡር ሥራ ድርጅት ሲሆን፣ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሆነ፤ አብዛኛውም ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር ተገኘ። ጎዳናው ሁሉ ተቆፈረ። ከኡራኤል ወደ መገናኛ የሚወስደው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆነ፤ የመንገድ ዳር ነጋዴም ደንበኛው እየራቀው ታገሠ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አቶ መለስ አረፉ፤ ሥራው ግን በአቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ዘመን ቀጠለ። የሹማምንቱ ስም በመዝገብ አለ፤ አፈር የዛቁትና ሐዲድ የተሸከሙት የአገር ልጆች ስም ግን በየትም ድንጋይ ላይ አልተቀረጸምና በዚህ ዜና ሳላነሣቸው አላልፍም።

ጥር 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ባቡሩ ለሙከራ ተንቀሳቀሰ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ከቃሊቲ የሚነሣው ተከፈተ። የምሥራቁ ሕዝብ ግን ገና ይጠብቅ ነበር። ጥቅምት 29 ቀን፣ ሰኞ፣ በበዓለ ወልድ ዕለት፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር መንገደኛ ጫነ። ዘመኑ ዳግመኛ ዮሐንስ ነበር፤ አራቱ ወንጌላውያን ዙራቸውን ፈጽመው ነበርና።

የመስመሩ ርዝመት 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹም 22 ናቸው። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ በጉርድ ሾላ፣ በሲቪል ሰርቪስ፣ በቅዱስ ሚካኤል፣ በሲ ኤም ሲና በመሪ አልፎ አያት ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ለም ሆቴልን፣ ሃያ ሁለትን፣ ኡራኤልንና ባምቢስን አልፎ ስታዲየም ሲደርስ ከቃሊቲው መስመር ጋር ይገናኛል፤ እስከ ልደታም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ባቡሩ አረንጓዴና ነጭ ነበር፤ ኃይሉንም ከላይ ከተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይወስድ ነበር። የቲኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ሆኖ ተቆረጠ፤ ይህም ለድኻው ታላቅ ዕረፍት ነበር። ነገር ግን የሐዲዱ አጥር ጎዳናውን ለሁለት ከፈለው፤ በትይዩ ያለ ቤት ለመድረስ ሽማግሌው ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ሠሪዎቹ ለእግረኛ ከዚህ የተሻለ ሊያስቡ ይገባቸው ነበር።

በመጀመሪያ ባቡሮቹን ይመሩ የነበሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ ኋላም ሥራው ለኢትዮጵያውያን ተላለፈ፤ አገልግሎቱም ከኮርፖሬሽኑ ወደ ከተማው አስተዳደር ዞረ። ከዚህ በኋላ የመለዋወጫ ችግር ጸና። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ቆሙ። ባቡሩ ሲያንስ ሕዝቡ አላነሰም፤ በመገናኛ ጣቢያ የመጣው ባቡር ሞልቶ ይመጣ ነበርና ብዙው ሰው ቀጣዩን ሊጠብቅ ቀረ፤ ሌላውም ወደ ታክሲው ሰልፍ ተመለሰ። ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ጣቢያው ተሠርቶ፣ ዕዳውም በአገሪቱ ትከሻ ላይ ሳለ ባቡሮቹ በጥገና እጦት መቆማቸው እጅግ ያሳዝነኛል። ከአያትና ከሰሚት በሌሊት የሚነሣው ሠራተኛ የከተማይቱ ባለ ዕዳ አይደለም፤ ከተማይቱ ለእርሱ ባለ ዕዳ ናትና ስለ መለዋወጫው በጀት ሲመከር አስቀድሞ እርሱ ይታሰብ።