የኋላ ባሌስትራ፣ ተሳቢ በሚጎትቱ መኪኖች ላይ

ባሌስትራ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ ረዣዥም የብረት ዝርጎች በርዝመታቸው ቅደም ተከተል ተነባብረውና በማዕከላቸው በአንድ ቡሎን ተጠርንፈው የሚሠሩት፣ የመኪናውን ሻንሲ በአክስሉ ላይ የሚያሳርፍ፣ ከላይ የጭነቱን ክብደት ከታች የመንገዱን ነውጥ የሚቀበል የመኪና አካል ነው። ግብሩ በሁሉም መኪና ላይ አንድ ቢሆንም፣ ተሳቢ የሚጎትት መኪና የኋላ ባሌስትራ ከራሱ ጭነት ሌላ ከበስተኋላ የሚመጣ ክብደት ሊያርፍበት ስለሚችል፣ ምርጫው በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም፤ የዘቀዘቀውን ኋላ ከፍ ለማድረግ ብቻ ተብሎ የሚጨመር ባሌስትራም ብዙ ጊዜ አንዱን ሕማም ፈውሶ ሌላውን ይተክላል።

በጉራጌ አገር ይህ ነገር ቸል የማይባልበት ምክንያት ከመልክዐ ምድሩ የሚመነጭ ነው። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘው ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ መንገዱ ከእርሷ ወዲያ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ በድልድዩ አጠገብ 1,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ከዚያም በአበልቲ በኩል እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ የጅማ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ባለተሳቢ መኪና በአንድ ጉዞ በቁልቁለቱም በዳገቱም ይፈተናል። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ደግሞ ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕና በሚዘልቀው ጎዳና ላይ ናት፤ የማረቆ በርበሬ፣ ቆጮና የባሕር ዛፍ አጣና በዚህ አገር መንገዶች ወደ መናገሻ ከተማው ይጫናሉ። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከኪሳቸው አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ማሠራት ከጀመሩ ወዲህ፣ የጭነት መኪና የዚህ ሕዝብ ንግድ ዓቢይ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ ጎዳናዎች ላይ የገነነው፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 ሲሆን፣ በዚያው አቆጣጠር በ1970 የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ አምቼም በአገር ውስጥ የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን መኪኖች ሲገጣጥም ቆይቷል። «ኤንትሬ» የሚባለው አሮጌው ፊያት ተሳቢውን አስከትሎ ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው፣ በዝግታው ቢሰለችም በባሌስትራው ጽናት ሳይደነቅ አይቀርም።

ምርጫው የሚጀምረው ከብረቱ ሳይሆን ከተሳቢው ነው። ሁለት አክስል ኖሮት የፊተኛው በሚሽከረከር ገበታ ላይ የተቀመጠለት ሙሉ ተሳቢ ክብደቱን ራሱ ስለሚሸከም፣ በመጎተቻው ብረት በኩል በጎታቹ ላይ የሚያሳርፈው የቁልቁል ክብደት እጅግ ጥቂት ነው፤ «ተሳቢ ቀጥያለሁና ባሌስትራ ላስጨምር» የሚል ባለንብረት፣ የጎታቹ የራሱ ጭነት ካልጨመረ በቀር፣ ለሌለ ሸክም ገንዘቡን ያወጣል። ከፊል ተሳቢ ግን የፊት እግር ስለሌለው የፊት ክብደቱን ሁሉ በጎታቹ ጀርባ ላይ ይጥላል። ፒክአፕ የሚጎትተው ባለ አንድ አክስል ተሳቢ፣ ጄኔሬተርም ይሁን የውሃ ታንከር፣ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን በመንጠቆው ላይ ሲያሳርፍ ሳይወላወል ይከተላል። በዚህ ላይ የምሳር ሕግ ይጨመራል። በፊትና በኋላ እግሮች መካከል 3 ሜትር፣ ከኋላው አክስል እስከ መንጠቆው 1.2 ሜትር ቢሆን፣ በመንጠቆው ላይ ያረፈው 100 ኪሎ በኋላ እግሮች ላይ 140 ኪሎ ሆኖ ይቈጠራል፤ ከፊት እግሮችም 40 ኪሎ ይቀንሳል። መሪው የሚቀልለው፣ መብራቱም ተቃንቶ የመጪውን ሹፌር ዐይን የሚወጋው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከፍታና ጥንካሬ ሁለት ልዩ ልዩ ባሕርያት መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። የዝርጉ ጉብጠት ቢጨመር መኪናው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መቶ ኪሎ የሚወርደው መጠን ያው እንደ ቀድሞው ነው። ጥንካሬውን የሚወስኑት የዝርጎቹ ቍጥር፣ ወርድ፣ ውፍረትና ርዝመት ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው የውፍረቱ ኃይል ነው፤ ጥንካሬው ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋራ ስለሚሄድ፣ 10 በመቶ የወፈረ ዝርግ 33 በመቶ ያህል ይጠነክራል፣ እጥፍ የወፈረው ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። በተቃራኒው ርዝመቱ ሲጨምር በዚያው በሦስተኛ ርቢ ይለሰልሳል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ ዝርግ፣ ከሌሎቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር የወፈረ እንደ ሆነ፣ ባለንብረቱ ካሰበው እጅግ አብልጦ የሚያደነድነው፣ ባዶውንም መኪና በኮረኮንች ላይ የሚያስዘልለው ስለዚህ ነው።

የደከመውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ በመዶሻ እንደገና ማጉበጥ በየከተማው የታወቀ ጥበብ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ በመሆኑ ባለንብረቱን ያባብላል። ሆኖም የባሌስትራ ብረት ጽናቱን የሚያገኘው 850 ዲግሪ ገደማ ግሎ በዘይት ከተጠለቀ በኋላ እንደገና በመጠኑ ሲሞቅ ነው፤ ይህ ሥርዓት ሳይጠበቅ በምድጃ የጋለ ዝርግ ቁመቱን ቢያሳይም ጽናቱን ያጣል፣ ወይ በጥቂት ጉዞ ተመልሶ ይዘቀዝቃል ወይ ይሰበራል። እኔ በበኩሌ ይህን ዘዴ ለባለተሳቢ መኪና አልመክርም።

አንድ ቀን ጭኖ ሌላ ቀን ባዶውን ለሚመላለስ መኪና ከሁሉ የሚስማማው ረዳት ባሌስትራ ነው፤ ይኸውም ከዋናው በላይ ተቀምጦ ጭነቱ ሲከብድ ብቻ ከማረፊያው ጋራ የሚገናኝ በመሆኑ፣ ባዶው መኪና በልስላሴ፣ የተጫነው በጽናት እንዲሄድ ያደርጋል። የአየር ከረጢትም ከፍታውን እንደ ጭነቱ ለማስተካከል ያመቻል፤ ነገር ግን ስለታም ጠጠርና አቧራ ጠላቶቹ ናቸው።

ከፍታ ሲጨመር ሌሎች አካላትም ይነካሉ። እንደ ሃይሉክስ ባሉ ፒክአፖች ላይ፣ በሻንሲውና በኋላው አክስል መካከል ያለውን ርቀት በዘንግ እየለካ ለኋላ እግሮች የሚደርሰውን የፍሬን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ኋላው ከፍ ተደርጎ ዘንጉ ካልተስተካከለ፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደ ሆነ ቈጥሮ ከኋላ እግሮች ፍሬን ይቀንሳል፤ ተሳቢ እየገፋው ወደ ግቤ ለሚወርድ ሹፌር ይህ ቀላል ጕዳይ አይደለም። የፍሬኑ ጎማ ቱቦና አሞርዛተሩ ለአዲሱ ከፍታ መብቃታቸው፣ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ አቅጣጫው አለመዛባቱ አብሮ ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን ባሌስትራ የአክስልን፣ የጎማንና የፍሬንን የመሸከም ልክ አንዲት ኪሎ እንኳ አይጨምርም፤ በሠሪው የተወሰነው ልክ ያው እንዳለ ይኖራል።

ስለዚህ መራጩ አስቀድሞ መኪናውን ከነጭነቱና ከነተሳቢው በሚዛን ላይ አቁሞ የኋላውን አክስል ክብደት ለይቶ ያስመዝን፤ ክብደቱ ከልኩ ካለፈ ጭነቱን ይቀንስ፣ ካላለፈና ኋላው ግን ከዘቀዘቀ፣ በመኪናው ልክ የተሠራ አዲስ ባሌስትራ ወይም ረዳት ይግጠም፣ በግራና በቀኝም ሁልጊዜ ጥንድ አድርጎ ይለውጥ። አዲስ የተነባበሩት ዝርጎች በጭነት እየተጣበቁ ስለሚሄዱ ማሠሪያ ቡሎኖቹ ይላላሉና፣ መኪናው ከወልቂጤ ጅማ ደርሶ ሲመለስ፣ ሌላ ጭነት ከመጫኑ በፊት፣ እንደገና ይጥበቁ።