«ተጫዋች» ስለሚለው ቃል ትርጉምና አገባብ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎቹም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልለውን ሰው ኦሮምኛ «ተጰታ»፣ አማርኛ ደግሞ «ተጫዋች» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት በሜዳው ውስጥ አንዱን ሰው ያመለክታሉ፤ ከሜዳው ውጭ ግን ወሰናቸው አንድ አይደለም።

«ተጰታ» የወጣው «ተጰቹ» ከሚለው ግሥ ነው። ወግ ማውጋት ግን በተለመደው የኦሮምኛ አነጋገር «ሃሰኡ» ስለሚባል፣ ጨዋታና ወግ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቃል አላቸው። በአማርኛ «ተጫወተ» የሚለው ግሥ ሁለቱን አጣምሮ ይይዛል። ባለቤቱ እንግዳውን አስቀምጦ «ይጫወቱ እንጂ» ቢለው፣ ወግ እንዲጀምር መጋበዙ ነው። እንዲሁም ስለ ኳስ በማይወራበት ስፍራ «እርሱ ተጫዋች ነው» ቢባል፣ ሰውዬው አንደበቱ የጣፈጠና የማይሰለች መሆኑ ይታወቃል። ሥራውን ለመግለጥ ሲፈለግ «ኳስ»፣ «ገበጣ» ወይም «ማሲንቆ» የሚል ቃል ይቀድመዋል።

ቃሉ ከእግር ኳስ በፊት የነበረ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት፣ ሕዝቡ በዱላና በሩር የሚጫወተውን የገና ጨዋታ ከጥንት ያውቅ ነበር። ይህን የመሰለው ጨዋታ በኦሮምኛ «ቅሌ» ይባላል። በገና ዕለት ጌታ ሎሌው ቢመታው እንኳ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል፤ «ጨዋታ» በተባለ ነገር ማዕረግም ቂምም ለጊዜው ይቀራሉና። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪቃን ዋንጫ ስትወስድም ባለ ድሎቹ የተጠሩት በዚሁ በጥንቱ ስም ነው።

የሰዋስው ቅርጹም የሚያስተውሉት ነው። «ተጫወተ» ከ«ተዋጋ»ና ከ«ተካፈለ» ጋር በአንድ ቅርጽ ይሄዳል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ሁለት ወገኖች በአንድነት የሚያደርጉትን ነገር የሚያመለክት ነው። «ግጥሚያ»ም ከ«ግጥም» ጋር ከ«ገጠመ» የተገኘ ስለ ሆነ፣ የሜዳው ቋንቋ ለንግግር ጥበብ ባዳ አይደለም። የግቡ ጠባቂ እንኳ «በረኛ» መባሉ ከቤት ደጅ የተወሰደ ስም ነው።

ስለዚህ ለሁለቱ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው «ተጫዋች»ን በ«ተጰታ» ብቻ ቢፈታው፣ የኳሱ ሰው ይገኛል፤ የወጉ ሰው ግን ይጠፋል። ሁለት ፍቺ ለይቶ መጻፍ ይገባዋል። በሜዳ ላይ ጠብ በተነሣ ጊዜ «ይህ ጨዋታ አይደለም» የሚል ተመልካችም የሚወቅሰው የእግርን ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንደሚያወጉ ሰዎች መከባበር መጉደሉን ጭምር ነው።